የእድሩ ቆጥ

ባለቤቴ በእጁ የሠራውን ነገር «ይወድቃል» የሚለውን ሰው አይወድም። እኔ ደግሞ ያየሁትን እንዳላየሁ ሆኜ ማለፍ አልችልበትም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ሲገቡ ጎረቤት ወሬ አያጣም። በዚያ ክረምት ግን የተጣላነው ጋራዣችን ውስጥ በተንጠለጠለው ቆጥ ምክንያት ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያ ጠብ ሲነሳ አላፍርበትም።

ዘመኑ ባቡሩ በአቃቂ በኩል ገና የሚመላለስበት ነው። ቤታችን በጀርባው ከሐዲዱ ጋር ይዋሰናል፤ ያቆዩልን እድሜያቸውን ሁሉ ባቡር ላይ የሠሩት አማቴ ናቸው። ባለቤቴም የባቡር መካኒክ ሆኖ የአባቱን ፈለግ ተከተለ፤ አንዳንዴ ከባቡሩ ጋር ወደ ቆላው ወርዶ አድሮ ይመለሳል። በግቢያችን ጥግ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሩ ብረት የሆነ ጋራዥ ነበረን። ውስጡ አሮጌዋ መኪናችን፣ ሰይቼንቶአችን ቆማለች። ቆማለች ስል የምሬን ነው፤ ካገባሁ ጀምሮ ስትንቀሳቀስ ያየኋት በሰው ጉልበት ስትገፋ ብቻ ነው። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠባትም። በእረፍት ቀኑ ጆንያ አንጥፎ ከስሯ ይገባና እስከ ምሳ ድረስ ከእግሩ በቀር የሚታይ ነገር አይኖረውም።

ከሰይቼንቶዋ በላይ የእድሩ ዕቃ ነበር። እድራችን ዕቃ ማስቀመጫ ሲቸግረው ሽማግሌዎቹ ጋራዣችንን አዩት፤ በሩ ይቆለፋል፣ ባለቤቴም ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንለትም። መሬት ላይ እንዳይደረደር ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ በበሩ ስር እየገባ ያስቸግራል። ስለዚህ ባለቤቴ ከአንግል ብረት ሰፊ መደርደሪያ በየደና በወፍራም ፌሮ ከጣሪያው ወራጆች ላይ አንጠለጠለው። ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ቋሚዎች፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ጎላው፣ ብረት ድስቶቹ፣ ትሪውና ኩባያው ሁሉ እዚያ ወጣ። ሰፈሩ «ቆጡ» ይለው ጀመር። ባለቤቴ ሥራውን አንጋጦ እያየ «ይኼ ባቡር ይሸከማል» ይል ነበር።

ብረቱስ ይሸከም ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝ ብረቱን የተሸከመው እንጨት ነው። ወራጆቹ አማቴ በወጣትነታቸው ያስቆረጧቸው ባሕር ዛፎች ናቸው፤ በኛ ሰፈር ደግሞ ምስጥ አይጠፋም። ቆጡ ከስር የሚደግፈው አንድም ቋሚ የለውም። ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለው ቆርቆሮ ብቻ እንዲሸከም በተሠራ ጣሪያ ላይ ነበር።

አሰቃቀሉም ሌላ ጣጣ ነበር። ለቅሶ የደረሰበት ሰፈር ዕቃ አስተካክሎ አያወርድም፣ አስተካክሎም አይሰቅልም። ጥሩምባው ሲነፋ ወንዶቹ እየሮጡ ይመጣሉ፤ አንዱ መሰላል ላይ፣ ሌላው ሰይቼንቶዋ ላይ ይወጣና ከፊት ያገኙትን ይጎትታሉ። ሲመልሱ ደግሞ ደክሟቸዋልና ጎላውንም ወንበሩንም እጃቸው የደረሰበት ጠርዝ ላይ ገፋ አድርገው ይሄዳሉ። «ከባዱ ወደ ግድግዳው ይጠጋ! ቀላሉ ወደ ፊት ይሁን! ዕቃ ሲወርድ ከስር ሰው አይቁም!» እያልኩ ስንቴ ጮኼ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሰው ሞቶ አንቺ ስለ ድስት ታወሪያለሽ?» እኔ የማወራው ድስቱ ስለሚወድቅበት ሰው ነበር፤ ግን ማን ይሰማል።

ነሐሴ ላይ ሰፈራችን አንድ ትልቅ ሰው ቀበረ። ዝናቡ እስከ ሠልስት አላባራም። ሸራው ውሃውን ጠጥቶ፣ ሲሄድ ሁለት ሰው የተሸከመው ድንኳን ሲመለስ ጎረምሳው ሁሉ አቃሰተበት። ደንቡ አድርቆ መስቀል ነው። ግን የት? የለቅሶ ድንኳን ሰው ባልሞተበት ግቢ አይተከልም፤ ሟርት ነው። ማንም ሰው «ከኔ ደጅ ይድረቅ» ሊል አልደፈረም። ስለዚህ ድንኳኑ እንደራሰ ቆጡ ላይ ወጣ። ሲያሳርፉት ወራጁ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ፤ ቀና ስል ፊቴ ላይ ደቃቅ ዱቄት ዘነበብኝ። ምስጥ የበላው እንጨት መሆኑን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

እራት ላይ አነሳሁበት።

«ቆጡ ጎብጧል።»

«ብረት ትንሽ ይጎብጣል። ጠባዩ ነው።»

«የጎበጠው ወራጁ ነው። ከስር ቋሚ እናቁምለት። አጥሩ ስር የተጋደሙት ያረጁ የሐዲድ እንጨቶች ምን ይሠራሉ?»

«ቋሚ ካቆምኩ መኪናዋ በየት ትወጣለች?»

«ለመሆኑ መቼ ነው የምትወጣው?»

በዚህ ተቀየመ። በማግስቱ ከባቡሩ ጋር ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በሩ ላይ ሆኖ የተናገረኝ «ስመለስ ፍሬኗን እጨርሳለሁ» ብቻ ነው። እንደተመለሰ ያንን እርጥብ ድንኳን ከላዩ አድርጎ ሊጋደም ነው ማለት ነው። ፈራሁ። የኔ ፍርሃት ደግሞ ብዙ አይቆይም፣ ወዲያው ንዴት ይሆናል፤ ስናደድ ሥራ ይሠምርልኛል። እሱ ሳይመለስ ያ ድንኳን ይወርዳል ብዬ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

የሄድኩት የእድሩ ዳኛ ቤት ነው። ቀልድ የሚወዱ፣ ሰው ግን እንዲቀልድባቸው የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ድንኳኑ ይውረድልኝ» አልኳቸው።

«ወርዶስ የት ሊገባ?»

«እኔ ግቢ ተተክሎ ይድረቅ።»

አማተቡ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ቤትሽ ላይ ሟርት ትጠሪያለሽ? ነገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

«በብብቴ የያዝኩት የለም፣ አባባ። ከቆጡ ስር ግን ባሌ አለኝ።»

ሊስቁ አሉና ተዉት። ፊቴን ትንሽ አዩኝና ከዘራቸውን አነሱ፤ «ነገ ዝናቡ ፋታ ከሰጠ እንመጣለን» አሉኝ።

ሰጠ። ዳኛው ሁለት ጎልማሶች አስከትለው መጡ። መጀመሪያ ሰይቼንቶዋን ገፍተን አወጣናት። ከዚያ ከስር ማንም ሳይቆም፣ በገመድ እየተለቀቀ፣ ድንኳኑ ቀስ ብሎ ወረደ። በኛ ጥቁር ጭቃ ላይ ቢነጠፍ መቼም አይደርቅምና በቋሚዎቹ ተተከለ። ጎልማሶቹ የመጨረሻውን ገመድ አስረው እንደጨረሱ ዞር ብለው ሳያዩ ሄዱ። «ወንበሩና ጎላውስ?» ብል «ሌላ ቀን» ተባልኩ። ዳኛው «ሟርቱን እግዜር ይመልሰው» ብለው ደጄን መርቀው ወጡ።

የለቅሶ ድንኳን ከመንገድ እየታየ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል ብዬ ማሰቤ ራሱ ጅልነት ነው። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቴ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወይኔ እህቴን! ወይኔ እህቴን!» እያለች በበሩ ገባች፤ እኔን አልፋኝ ወደ ቤት ሮጠች። ባዶ ቤት ገብታ ስትወጣ ባልዲ ይዤ ቆሜ አየችኝ።

«አንቺ ነሽ እኮ የሞትሽው!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ወገቤን አቃጠለችኝ። «ጥሩምባም ሳይነፋ ቀበሩሽ ብዬ ልቤ ሊፈርስ!»

ነገሩን ስነግራት እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ ዱካ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠችልኝ። ሰው ብቅ ባለ ቁጥር «ማንም አልሞተም፣ ድንኳን ነው የሚደርቀው!» ትላለች። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ እያማተበ ይረግመኛል። ሳይሰማት ያመለጣት ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ቤት ይሮጣል። አንዲት ሴት ንፍሮ ቀቅላ ከነድስቱ ይዛ መጣች፤ እንዳይባክን ብለን ደጅ ተቀምጠን በላንላት። ሸራው በፀሐዩ እየነጣ ሲሄድ ሳይ ደስ አለኝ። ይሉኝታዬን ሸጬ የገዛሁት ደስታ ነውና በደንብ ነው የተደሰትኩበት።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም ነበር። ጎረቤቴ የምትጠብቀው የመንገዱን በር ነው፤ ባቡሩ የሚያልፈው ግን በጓሮ በኩል ነው።

ከሰዓት በኋላ ፉጨቱ ተሰማ። ባቡሩ ጣቢያ ሊገባ ሲል እኛ ቤት ጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ የሸራውን ጥግ እየወለወልኩ ነበር። የጓሮው አጥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁና በሸራው ክፍተት አየሁ። ባለቤቴ ነው። ከሚሄደው ባቡር ዘሎ ወርዷል። አንድ ጫማውን ጭቃው አስቀርቶበታል።

እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የምወለውልበትን ጨርቅ ጥዬ ወደ ድንኳኑ መውጫ ዞርኩ።

የመጣው ሰው ሁሉ የሮጠው ወደ ቤት ነበር። እሱ ቤቱን ዞሮም አላየው። ወደ ድንኳኑም አልመጣም። ደጅ የቆመችውን ሰይቼንቶ ሲያይ አንዴ ተንገዳገደ፤ ከዚያ አልፏት ቀጥ ብሎ ጋራዡ ውስጥ ገባ።

ተከተልኩት። ከቆጡ ስር ቆሟል። አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ይፈልጋል። የሚፈልገው እኔን ነበር።

«እዚህ ነኝ» አልኩት በሩ ላይ ሆኜ።

ዞሮ አየኝ። የቆመበት ቁጭ አለ። «ወደቀባት ብዬ...» አለ። ፊቱን ቅባት በነካው እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ሄጄ ከጎኑ ልቀመጥ፣ ልይዘው ፈለግኩ። ግን ጎላው አሁንም ጠርዙ ላይ ነው፣ ከሱ ራስ በላይ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ተነስና ከስሩ ውጣ።»

ተነስቶ ወጣ። ደጅ ላይ፣ ከነጭቃው፣ ረጅም ጊዜ ያዝኩት። ከዚያ ከቆጡ ስር ልናቆማቸው ለተስማማንባቸው የሐዲድ እንጨቶች ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት መሰላሉን አምጥቶ ጎላውን ራሱ አወረደው፤ እኔ ከስር አልቆምኩም፣ መሰላሉን ከጎን ሆኜ ያዝኩለት።