የኤርሊንዳ የብር ውሃ

ኤርሊንዳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትናንሽ የብር ቀለበቶችን አንዱን ካንዱ እያያያዘች በጉጠት ትገጥማለች። አንዱ ቀለበት ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ጣቶቿ ግን ዓይን የሚያስፈልጋቸው አይመስሉም፤ እኔን እያጫወተች፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እያለች፣ ሰንሰለቱ ጭኗ ላይ እየረዘመ ይወርዳል። አርባ ዓመት ሙሉ የማውቃት እንዲህ ነው። ትልቋን ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አበልጅ እንባባላለን።

የዚያን ቀን ፀሐይዋ እጇ ላይ አረፈች። ከጥፍሮቿ ሥር ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ነገር አየሁ።

«ጥፍርሽ ምን ሆነ?»

«የሥራ እድፍ ነው። ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«እድፍማ በሳሙና ይለቅ ነበር።»

«ኧረ ተይኝ እቴ! ዛሬ ደግሞ ጥፍር መርማሪ ሆነሽ መጣሽ?»

ሳቀች። ስትስቅ ድዷ አመድ መስሎ ታየኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እዚህ ሜክሲኮ፣ ታስኮ ከተማ ውስጥ ግማሻችን የምንበላው ከብር ሥራ ነው። በየወጥ ቤታችንም የብር ውሃ ያለባት ትንሽ ብልቃጥ አትጠፋም። ፖዞሌ ለምንለው የበቆሎ ሾርባ የሚሆነው ሰላጣ ሲዘፈዘፍ ጥቂት ጠብታ ጣል እናደርጋለን፣ ተሐዋሲውን ይገድለዋል። ኤርሊንዳም እስከ የዛሬ አራት ዓመት ድረስ እንደ ሁላችን ነበረች። ከተማውን ያዳረሰው ያ ክፉ ሳል ባሏን ኔሜስዮን ሲወስድባት ነው መጠጣት የጀመረችው።

«ሰላጣውን ካጸዳ እኔን የማያጸዳኝ ለምንድነው?» አለችኝ።

«አንቺ ሰላጣ ነሽ እንዴ?»

«ሰላጣ ብሆንማ ዝም ትይኝ ነበር!»

ደግሞ የብልቃጡ አነሰኝ ብላ ራሷ ታወጣው ጀመር። ከሥራ ጠረጴዛዋ ሁለት የብር ሽቦ ታነሳለች፣ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ትነክራለች፣ ባትሪ ታያይዛለች፣ ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ሲወይብ ትጨልጠዋለች። ለእንቅርቷ በየጠዋቱ የታዘዘላትን ኪኒን የምትውጠውም በዚያው ነው።

«ከኔሜስዮ ጋር አንድ አልጋ ተኝቼ እኔ የተረፍኩት በምን ይመስልሻል?» ትለኛለች። እኔም እሱን ሳስታምም ከርሜ፣ ምንም ሳልጠጣ ተርፌያለሁ። ግን ይህን ለሐዘንተኛ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ዘንድሮ ነገሩ ባሰ። ሰው ሁሉ በሙቀት ላብ በላብ በሚሆንበት ወር እሷ ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ፊቷ አበጠ፣ ድምጿ ወፈረ፣ ዳገቷን ለመውጣት ሦስት ጊዜ ማረፍ ጀመረች። «በሽታው ሊመጣብኝ ነው» ብላ የብር ውሃውን በቀን ሁለት ኩባያ አደረገችው። ይበልጥ ደከመች። በደከመች ቁጥር ትጨምርበታለች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። አንድ ከሰዓት በኋላ የራሴን ብልቃጥ አውርጄ ጽሑፉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ለአትክልትና ለመጠጥ ውሃ ማጽጃ ይላል፤ ለአንድ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሚበቃም ይናገራል። ሰው ያድናል የሚል ቃል የለበትም። ብነግራት «ፊደል ቆጠርሽና ሐኪም ሆንሽ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ለደም ምርመራ ስትቀጠር ግን አብሬያት ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም ውጤቱን አየችና ግንባሯን ቋጠረች።

«እማማ፣ ኪኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ?»

«አንድም ቀን አጉድዬ አላውቅ።»

«ሌላስ የሚወስዱት ነገር አለ?»

«ምንም።»

ሐኪሟ ኪኒኑን ልትጨምርላት እስክሪብቶዋን አነሳች። ብናገር አበልጄን ማጣቴ ነው። ዝም ብልስ?

«የብር ውሃ ትጠጣለች» አልኩ። «በቀን ሁለት ኩባያ። ኪኒኑንም የምትውጠው በሱ ነው።»

ኤርሊንዳ አላየችኝም። ሐኪሟ እስክሪብቶውን አስቀምጣ እጇን ያዘች፣ ጥፍሯን አየች፣ ድዷንም አየች።

«እማማ» አለቻት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ብር ተጠጥቶ በሽታ እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም። ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ቆዳን ያጠቁራል፤ ያ ቀለም አንዴ ከያዘ አይለቅም። ኪኒኑም ወደ ደምዎ እንዳይገባ ሳይከለክለው አልቀረም። እንዲህ ከቀጠለ ልብዎም ይደክማል። ፊትዎ ላይ ገና አልወጣም፤ ከዛሬ ጀምረው ይተዉት። ኪኒኑን በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውሃ ብቻ ይዋጡ። በስድስት ሳምንት ደምዎን ደግመን እናያለን።»

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ሹራቧን ወደ አንገቷ ሳበች።

«አርባ ዓመት ምስጢሬን ስትይዢ አንድ ቀን ከአፍሽ አምልጦ አያውቅም ነበር» አለችኝ።

«ፈራሁ፣ ኤርሊንዳ።»

«እኔስ የማልፈራ መሰለሽ? ትቼው ያ ሳል ቢመለስ የምታስታምሚኝ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው። ሐሙስ ሐሙስ ለፖዞሌ እቤቴ አትቀርም ነበር፤ ሦስቱንም ሐሙስ ሳህኗን አስቀምጬ ጠበቅኋት፣ አልመጣችም። ጠዋት በሯ ዝግ ነው። ትተወው፣ አትተወው፣ አላውቅም። ለሁለተኛው ምርመራ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራል፣ እንቅልፌም ከዓይኔ ጠፍቷል።

ቅዳሜ ወደ ብር ገበያው የምትወጡ ካላችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ግርጌ ሹራብ ደርባ የምትሸጥ ሴት ታገኛላችሁ። ጥፍሯ ላይ አታፍጥጡባት። ሰላም በሏት፣ አጫውቷት፣ ከዚያ ጨዋታ አስመስላችሁ «የዛሬ ኪኒንሽን በምን ዋጥሽው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። እኔ እንደላክኋችሁ ግን እባካችሁ አትንገሯት።