ገበዙ በጋጋኖና በሌሊት ወፍ ላይ የሰጡት ፍርድ

አያ ታከለ ከእንፍራንዝ በላይ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ አንድ ዓመት በገበዝነት ቁልፍ ይዘዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ የሚወዱት፣ አንድ የሚጠሉት ፍጥረት ነበራቸው። የሚወዱት ጋጋኖን ነው። አንገቱ ጥቁር፣ ላባው ነጭ፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ ወፍ ነው፤ ቀኑን በጣና ዳር ረግረጉን ሲምስ ውሎ፣ ሲመሽ ከጣሪያው በላይ ባጋደለው ዋርካ ላይ ይሰፍራል። «እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ ልብሱን የማያሳድፍ! ከኛ ካህናት ይልቅ እሱ ይጠነቀቃል» ይላሉ። የሚጠሉት የሌሊት ወፍን ነው። ላባ የሌለው፣ ጥርስ ያለው፣ ከቅኔ ማኅሌቱ ጣሪያ ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚውል ፍጥረት አይዋጥላቸውም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲጋመስ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ፣ ከፈረሱ ግንባር እስከ እርካቡ፣ ነጭ ኩስ ወረደ። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ሐብተ ማርያም ቀን ቆረጡ። «እስከ ንግሡ መላ ካላበጀህ ቁልፉን አስረክብ» አሏቸው።

አያ ታከለ ተከሳሹን ለመለየት ምስክር አላሻቸውም። የበርበሬ ጭስ ሊያጨሱበት ፍም ሲያዘጋጁ፣ ከተማ ሥነ ሕይወት የምታስተምረውና ለፍልሰታ የመጣችው የእህታቸው ልጅ የትነበርሽ ደረሰች።

«ምነው አያ፣ በርበሬው ለማን ነው?»

«ለነዚያ ርኩሳን።»

«ጋጋኖም እኮ በኦሪት ከማይበሉት አዕዋፍ ተቆጥሯል።»

«እሱን ተይው፤ እሱ ሸጋ ነው!»

ሳቀችና ከወለሉ ጥቂት ጥቁር ፍርፋሪ አንሥታ በመዳፋቸው ላይ ፈጨችው። የነፍሳት ክንፍ ብልጭ አለ።

«የሌሊት ወፍ ኩስ ይኸው ነው፤ እንደ አይጥ ደረቅና ጥቁር። እሷ የምታጠባ እንስሳ ናት። እንዲህ ነጭ ሆኖ የሚፈስሰው የወፍ ነው።»

አያ ታከለ መሰላል አስደግፈው፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ጣሪያው ላይ ወጡ። ከዋርካው ቅርንጫፍ ሥር አንድ ቆርቆሮ ምስማሩ ወልቆ፣ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ከላይ የጋጋኖ ጎጆ በጎጆ ላይ ተደርድሯል፤ ዝናቡ ኩሱን አጥቦ በክፍተቱ ያስገባዋል። ክፍተቱ አዲስ አልነበረም። ከሦስት ክረምት በፊት አይተውት፣ መዶሻው ጫጩቶቹን እንዳያስበረግግ ብለው «ይቆይ» ያሉት ራሳቸው ናቸው።

እዚያው ተቀመጡ። ጭሱን ቢያጨሱ ሕዝቡ ያመሰግናቸዋል፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያጣራ ማንም የለም። ሲወርዱ ግን ፍሙ ላይ ውኃ ደፉበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁልፉን በጉባኤው ፊት አኖሩ።

«የሌሊት ወፍን በሐሰት ከስሻለሁ። ኩሱ የጋጋኖ ነው፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ክፍተቱን እያየሁ ሦስት ዓመት ዝም ብያለሁ።»

«ዘመድህን ጋጋኖንስ ምን እንፍረድበት?» አሉ ሐብተ ማርያም፤ ሸንጎው ሳቀ።

አያ ታከለ አልሳቁም። «ጫጩቶቹ እስኪበሩ ቅርንጫፉ አይቆረጥ። ቆርቆሮውን ዛሬውኑ እኔው እመታዋለሁ።»

«ሥዕሉንስ? አንተው ታጥበዋለህ?»

«የለም። የሚያውቅ ሠዓሊ ይምጣ። እኔ በማላውቀው ገብቼ ደግሞ አላበላሽም።»

ሐብተ ማርያም ቁልፉን አንሥተው በእጃቸው መዘኑት። ከዚያም ወደ አያ ታከለ ዘረጉት።

«እንግዲያ ሠዓሊው ሲመጣ በሩን ክፈትለት።»