«አሥር ይቀራል»

«ቁም! ባቡር ያልፋል» የሚለውን አሮጌ የመሻገሪያ ሰሌዳ ሽማግሌው ዘበኛ በየዓመቱ ቀለም ሲቀባው ሰፈሩ ይስቅበት ነበር። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ስንት ዓመቱ! «አባባ፣ ዛሬ በስንት ሰዓት ይገባል?» ይሉታል ባለታክሲዎቹ። እሱ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ይነክራል። ለባቡር ብሎ አይደለም የሚቀባው።

ያኔ ባቡሩ ሳይቋረጥ በሐዲዱ ላይ የመኪናውን መንገድ የሚዘጋና የሚከፍት እሱ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጣቢያው ተደወለ። ያ የተረገመ ስልክ ደግሞ ቃል መዋጥ ልማዱ ነው። «አሥር... ይቀራል» የሚል ሰማ። የአሥር ሰዓቱ ባቡር ዛሬ ቀርቷል ብሎ የመሻገሪያውን በር ከፍቶ ተወው። ደዋዩ ግን ያለው «አሥር ደቂቃ ይቀራል» ነበር። መልሶ ቢጠይቅ ምን ነበረበት! መጀመሪያ ሐዲዱ ላይ የወጣው ጋሪ የእህቱ ባል ጋሪ ነበር። አማቹ እጁን አውለብልቦ ሰላም ብሎት ነው የገባው፤ አልወጣም።

ቀብሩ ላይ እህቱ ፊቷን አዞረችበት፤ እንዳዞረች አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ወደ ገበያ ስትሄድ በመሻገሪያው ታልፋለች። ሰሌዳው ታድሶ ብታየው አለመርሳቱ ይገባት መስሎት ነው የሚቀባው። ሞኝ! አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችው።

ዘንድሮ መንገዱ ሊሰፋ ሆነ። ዶዘር ሐዲዱን ነቀለው፣ በሳምንቱ አስፋልት ፈሰሰበት። ፎርማኑ ሰሌዳውን ነቅሎ «አባባ፣ ይቺን ለማገዶ ይውሰዷት» አለና እግሩ ሥር ጣለለት። ለማገዶ! ከእንግዲህ እህቱም በዚያ የምታልፍበት ምክንያት የለም፤ አዲሱ የእግረኛ መንገድ በሌላ በኩል ነው ወደ ገበያ የሚያወጣት። ዛሬ ካልሄድኩ መቼም አልሄድም ብሎ ወደ ቤቷ ገሰገሰ።

በሩን ራሷ ከፈተች። አርጅታለች።

«እህት ዓለም» አለ። «መሻገሪያውን አፈረሱት። እኔም ዛሬ ነገ የምሞት ሰው ነኝ። በሟች አጥንት ይዤሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ከራሱ እስከ እግሩ አየችው።

«ይቅር» አለች።

እንባው ዱብ ዱብ አለ። እግሯን ሊስም ጎንበስ አለ።

«መምጣትህ ይቅር ማለቴ ነው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ሽማግሌው እንዳጎነበሰ ቀረ።