የሺ የቀረችበት ማዋለጃ ክፍል

ነገ ልሄድ ዛሬ አመሻሽ ላይ ሲስተር የሺ ከሥራ በቀጥታ ቤታችን መጣች። ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም፤ ነጠላዋን ከላዩ ጣል አድርጋበታለች። እኔ ከሻንጣዬ ጋር እታገላለሁ፤ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ባለቤቴ ገነት ስንቄን ትቋጥራለች። የሺ የከተማችን ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት። እኔም በዚያው ሆስፒታል ነርስ ነበርኩና፣ ሥራ የጀመርኩ ጊዜ እጄን ይዛ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

«ይበልጣል፣ በቃ ጨከንክ?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ ሲስተር፣ አንገሸገሸኝ።»

«እኔማ የሄደውን ሁሉ ስሸኝ ስንቅ አቀባይ ሆኜ ቀረሁ» ብላ ያመጣችውን ዳቦ ቆሎ ሻንጣዬ ውስጥ ወሸቀችው።

ምን እንዳንገሸገሸኝ ልንገራችሁ። ብቸናም ሞጣም ዘመድ ስላለኝ የሆስፒታሉን ስም መጥራት ይቅርብኝ። እኛ ዘንድ በየዓመቱ ሞዴል ሠራተኛ ይመረጣል። እኔ በለቀቅኩበት ዓመት ክረምት የየሺ ረዳት ወደ ባሕር ዳር ተዛውራ፣ የሺ ብቻዋን ቀንም ሌትም እየተጠራች ማዋለጃ ክፍሉን ይዛ ከረመች። ለምርጫው ስብሰባ ስንገባ ሽልማቱ የእሷ ነው ብለን ነው። የሰው ሀብት የሥራ ሂደት መሪያችን አቶ ፈንቴ ግን ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«የሲስተር የሺን ጥንካሬ ማንም አይክደውም። ነገር ግን የካርድ ክፍሉ ወንድማችን አባቱ በቅርቡ ነው ያረፉት። ልቡ ተሰብሯል። ማጽናኛ ይሁነው።»

ሰውዬው ከሐዘኑ በፊትም ቢሮው የሚገኘው ካሰኘው ነበር። ግን ማን ይቃወም? ሁላችንም አንድ ዕድር ነን፤ የለቅሶውን ድንኳን አብረን ነው የተከልነው። አጨበጨብን። የሺም አጨበጨበች! እኔ ያን ቀን ቆረጥኩ።

መልቀቂያ ስጠይቅ አቶ ፈንቴ «ሕዝቡን ለማን ጥለህ ነው?» አሉኝ።

«ሕዝቡን ይዛ ለከረመችውስ ምን አደረጋችሁላት?»

«እሷማ የትም አትሄድ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

እንግዲህ ከብቸና ተሳፍሬ፣ በደጀን ቁልቁል ወርጄ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ፣ አዲስ አበባን በአውቶቡስ ተራዋ ብቻ አይቼ፣ በጅጅጋ በኩል ቶጎ ውጫሌ ድንበር ደረስኩ። የኬላው ሹም ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሥራ አጥተህ ነው?»

«ኧረ ሥራስ በዝቶብኝ ነው።»

«ምንድን ነህ?»

«ነርስ።»

«ነርስ! እዚህ ጤና ጣቢያችን ሰው የለውም እኮ፤ አትቀርም?» ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት። የምሩን ነው።

ድንበሩን ተሻግሬ ሐርጌሳ አንድ የግል ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ቤት የተከራየሁት ጅጅጋ በስደት ኖራ አማርኛ ከለመደች ሐሊማ ከምትባል ሴትዮ ነው።

«ሚስት አለህ?»

«አለችኝ።»

«የታለች?»

«አገር ቤት።»

«እንግዲያ የለችህም» ብላ የወንደላጤውን ክፍል ሰጠችኝ፤ ቆርቆሮው ከቀትር ጀምሮ የሚጋገርበትን። ምሳ ባሪስ የሚሉት በሥጋ የተሠራ ሩዝ ከነሙዙ ይቀርብልኛል። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው ብል ሐሊማ ሥጋውን አንስታ ያንኑ ሩዝ ትመልስልኛለች። የእኛን አገር ጭቃ ስረግም እንዳልኖርኩ፣ እዚህ አቧራ ለአቧራ ስሄድ ያ ጭቃ ናፈቀኝ።

ሥራው ላይ መጀመሪያ ደስ አለኝ። የሠራ ይታያል፣ የቀረ ይጠየቃል፣ ግምገማ የሚባል የለ። ከዚያ አብሮኝ የሚሠራው ኬንያዊ ነርስ እናቱ ሞተችበትና አገሩ ሄዶ ቀብሮ ሲመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘ። «እግዜር ያጽናህ» ያለው አንድም ሰው የለም። ያ የአቶ ፈንቴ ማጽናኛ ትዝ አለኝና ተናደድኩ፤ በዚያም በዚህም ተናደድኩ። ለሠራተኛ ዋጋ መስጠትና ለሐዘንተኛ ማዘን አንድ ቤት ውስጥ አብረው የማይኖሩት ለምንድን ነው?

በቅርቡ የሆስፒታሉ ባለቤት ጠራኝ። «ጎበዝ አዋላጅ እፈልጋለሁ፤ ከአገርህ የምታውቀው አለ?» አለኝ። አለ እንጂ! ግን አፌን ያዝኩ። ገነት ወሯ ገብቷል፤ የምትከታተላት የሺ ናት። የሺ ከሄደች ክፍሉ የሚቀረው ገና ከኮሌጅ ወጥታ ለተመደበች አንዲት ልጅ ነው። «ልጠይቅልዎ» ብዬ ወጣሁ፤ ማንንም አልጠየቅሁም።

እሁድ ስደውል የገነትን ስልክ ያነሳችው የሺ ናት።

«ይበልጣል፣ እዚያ የሸኘኋቸው ልጆች ሆስፒታላችሁ አዋላጅ ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ። «ግን ሲስተር...»

«ለገነት ፈርተህ ነው? ሳላዋልዳትማ ንቅንቅ አልልም። ስትወልድ ግን ለሰውዬው ትነግርልኛለህ።»

«ከእሷ በኋላ የሚወልዱትስ?» አልኳት።

«እሱን አንተ ልትጠይቀኝ አትችልም» አለችና ስልኩን ለገነት ሰጠቻት።