የደብሪቱ ድንጋይ ቤትና የሁዳዴው ወተት

አክስቴ ደብሪቱ ፈሪ ነበረች። ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷም አትክድም። ጅብ በጮኸ ቁጥር መቀነቷን የምታጠብቅ ሴት ናት። ዲማ አጠገብ አማቷ ያሠሩት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ የዋንዛ የሆነ የድንጋይ ቤት ነበራት። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ያን ቤት ልትሸጥ ተነሣች። ለሰው "ብቻዬን ከበደኝ" አለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አርበኛ ልጇ አወቀ እግሩን ቆስሎ ጓዳ ውስጥ ከጎታው ኋላ ተኝቷል። በቤቱ ዋጋ በቅሎ ገዝታ መርጡለ ማርያም ወዳሉት ዘመዶቿ ልታሸሸው አስባለች።

ገዢው የባሏ አጎት ልጅ፣ የታመነ ሰው ነበር። ግን በእኛ አገር ቤት በስውር አይሸጥም፤ ዘመድ ካለ እንዲቀድም ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ይነገራል። ሳይነገር የተሸጠ ነገ ያሟግታል። ስለዚህ ተነገረ። ወሬው ይጁቤ ገበያ ደረሰና ለጣሊያን ያደረው ፈንታ "እኔም የባሏ ዘመድ ነኝ" ብሎ ብቅ አለ። ዘመድነቱን ማንም አያውቅ፤ ጠመንጃ ካነገተ ሰው ጋር ግን ማን ይከራከራል?

በሁዳዴ አንድ ረፋድ ላይ ሁለት ጭፍሮች አስከትሎ፣ የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ሚካኤልን ለምስክርነት ጠርቶ ደጇ ላይ ቆመ።

"እመት ደብሪቱ፣ እንደምን አደሩ? ቤቱን ልይ ብዬ ነው።"

እምቢ ብትል ያስጠረጥራል፤ በሩን ከፈተችለት። ፈንታ ግድግዳውን እየደበደበ ጓዳ ገባ። ጎታው ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ዋንጫ አነሣ። ወተት ነው፤ ግማሹ ተጠጥቷል፤ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም።

በሁዳዴ በመበለት ቤት ወተት ተገኘ ማለት ሕፃን ወይም በሽተኛ አለ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሰላይ መሆን አያሻም። ለቁስለኛው የፈቀዱለት አባ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ ዋንጫውን ማንሣት የረሳችው ግን እሷ።

"ይህን ማን ጠጣው?"

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"በሁዳዴ?" አንቱታው ቀረ። "እስቲ ጨርሺው! አባም ይዩሽ።"

በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ከፊሉ በደረቷ ወረደ። ከጎታው ኋላ ልጇ ትንፋሹን ውጧል።

"አንቺ ሃይማኖት የለሽ! ከደጀ ሰላም እንዳትደርሺ!" ብለው አባ ጮኹባት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ፈንታ አማተበ። አገሩን የሸጠው ሰው ጾም የተገደፈበትን ቤት ተጸየፈ! "እንዲህ ያለ ርኩስ ቤት አልገዛም" ብሎ ወጣ። የመጡባቸው በቅሎዎች ኮቴ እስኪጠፋ ደብሪቱ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

አወቀ ቁስሉ ሲጠግ ጫካ ተመለሰ። ወሬው ስለ ተነዛ ግን ቤቱን የሚገዛ ጠፋ፤ ያ የታመነው የባሏ ዘመድ እንኳ ሸሸ፤ ጎረቤት ከእሷ ምድጃ እሳት መጫር እንኳ ተወ። እውነቱን ብትናገር ጣሊያኖች ልጇን ያሳድዱታል፤ ስለዚህ ጾም ገዳፊ እየተባለች ኖረች። ጣሊያን ሲወጣ አወቀ በደብሩ ቆሞ ሁሉን ተናገረ፤ ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ እግሯ ላይ ወደቀ።

እሷም ይቅር አለች። ወተት ግን በፋሲካም ቢሆን ዳግመኛ አልቀመሰችም። ለምን ስንላት ዋንጫውን ገፋ አድርጋ፣ "ፍርሃት ፍርሃት ይላል" ትለን ነበር።