ቀይዋ መኪና የማን ልጅ ናት?

ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል። መኪናም እንደ ሰው ዘሯ ይጠየቃል ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ! ጥርስ እያለ ነው መሳቅ። እኔ እንኳ ሁለት ነው የቀሩኝ፣ እነሱም ተኳርፈው ማዶ ለማዶ ናቸው።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፣ የአንኮበር። ያገባሁት ግን የቀጥቃጭ ልጅ ነው፣ ብረት በእሳት አግሎ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ። እንዲህ ያለውን ሰው በእኛ አገር ቡዳ ነው ይሉታል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። ማረሻውን ግን ተሻምተው ይገዙታል። በዚያ ማረሻ የታረሰውን እህል ሲበሉ አንድም ሰው ሆዱን አሞት አያውቅም። ባሌን መጀመሪያ ያየሁት አባቴ ማጭድ አምጪ ብሎ ልኮኝ ነው። «ዓይኑን እንዳታዪው» አለኝ። አየሁታ! ምን ላድርግ፣ ዓይኑ ያምር ነበር። ተበላሁ።

ተያይዘን ደብረ ብርሃን ገባን። አባቴ ሞታለች ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። እኔ በቁሜ የተለቀሰልኝ ሰው ነኝ፣ ስሞት ማንም አይቸገርም። በከተማው ጫፍ መንገድ ዳር ጎጆ ቀለስን፣ ወሬው ግን ቀድሞን ደርሶ ኖሯል። ጎረቤት ከቤታችን እሳት አይጭርም። ልጆቻቸው ባሌ ሲያልፍ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። እኔ ደግሞ ሆዴ ገፍቷል፣ ስወልድ ገንፎ የሚያገነፋልኝ ሰው የለኝም።

በዚያ ሰሞን ነው ከደሴ በኩል ቀይዋ መኪና የመጣችው። ጣራ የላትም። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። እንደ እንቁራሪት መሬት ላይ ተለጥፋ ነው የምትሄደው። «ምን ያለው ሀብታም ነው፣ ለጣራው ገንዘብ አጠረው?» አልኩ። ስፖርት መኪና ናት አሉኝ። የሚነዳት የባላባት ልጅ ነው፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ መልከ መልካም። ባሌስትራዋ ተሰብሮ ኖሮ፣ ያ ከሆዷ ሥር ሆኖ የሚያነጥራት ብረት፣ ቂጧን እየጎተተች ነው የደረሰችው። የከተማው መካኒክ አይቶ «ዕቃው ከፋብሪካዋ ከጣልያን እስኪመጣ ጠብቅ» አለው። አንድ የካሚዮን ሾፌር ግን አዘነለትና ወደ ባሌ መራው።

«ትችላታለህ?» አለ ልጁ።

«እሞክራታለሁ ጌታዬ።»

«ተጠንቀቅ እንግዲህ። ይህች እኮ እዚያው ጣልያን፣ ዋናው ፋብሪካ ውስጥ የተሠራች ናት። እሷኑ የምትመስል ሌላ አገርም ይሠራሉ። መልኳ አንድ ነው፣ ሞተሯም አንድ ነው፣ ግን እሷ አይደለችም። ደሙ የላትም።»

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አፌ መቼ ያርፋል! «እንዴ ጌታዬ፣ መኪናም አጥንት ይቆጠርላታል?»

«እንዴታ! ዋናው እሱ አይደል?» ብሎ ሳቀ።

«ይሄ አገራችንን ያቃጠለው ጣልያን ነው የሠራት?»

«እሱው ነው።»

«ታዲያ ከጥሩ ዘር ናታ!» አልኩ። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ባሌ ብቻ አጎንብሶ ከሥሯ ገባ።

የአሮጌ ካሚዮን ባሌስትራ ነበረው። ከእሱ ቆርጦ፣ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ እንደ ተሰበረው አድርጎ አጎበጠው። ወናፉን የምነፋው እኔ ነኝ። ሆዴና ወናፉ እየተጋፉ ባሌን አሳቁት። በዘይት አቀዘቀዘው፣ ከሥሯ ተኝቶ ገጠመው። ልጁ እስከ ጫጫ ነድቷት ተመለሰ። አቧራ ለብሶ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

«እንደ ፋብሪካው ነው!» አለ። ጓንቱን አራግፎ ደግሞ «እርግጥ ለጊዜው ነው፣ የጣልያኑ ሲመጣ ይወጣል» አለ። ቢሆንም ልቡ ደግ ነበር። «ስማ፣ ነገ አብረን አዲስ አበባ እንሂድ። አባቴ ጋራዥ አለው፣ እዚያ አስገባሃለሁ። ሚስትህን ኋላ ታስመጣታለህ።»

የዚያን ዕለት ባሌ እራት አልበላም። «አዲስ አበባ ሰው ሲመጣ ምን ትችላለህ ነው የሚሉት አሉ» አለኝ፣ «የማን ልጅ ነህ አይሉም። ልጃችን እዚያ ይወለድ። ማንም አያውቀውም። ዝም ብሎ ልጅ ይሆናል።»

«ከዋናው ፋብሪካ የወጣ ይባላል» አልኩት። ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ነው የሳቀው።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። እናቴ ከአንኮበር ገበያተኛ ጋር ትመጣና አባቴ ሳይሰማ አጥር ላይ ቆማ ታየኛለች። ደጄን ረግጣ አታውቅም። ባሌን ስትጠራው «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። የዚያን ቀንም መጣች። ለመውለጃዬ ብላ ከደብሯ ጠበል በአረቄ ጠርሙስ ይዛልኛለች።

«እማዬ፣ አዲስ አበባ ልንገባ ነው! ሥራ አገኘ!»

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። መኪናዋ ግቢያችን ቆማለች። ልጁ ቤንዚን በጀሪካን አጠጥቷት፣ ክዳኗን ሳይገጥም ባሌን ይዞ እጁን ሊታጠብ ሄዷል። እኔ የባሌን ጋቢ ላመጣ ገባሁ። ስወጣ እናቴ አጥሩን አልፋ ግቢው ውስጥ ቆማለች፣ ባዶውን ጠርሙስ በነጠላዋ ትወለውላለች።

«ጠጣች» አለችኝ።

«ማን?»

«መኪናይቱ ናታ። ከላይ ብረጭላት ነፋስ ይወስደዋል፣ ሆዷ ይግባ አልኩ። ባልሽን በሰላም ታግባው።»

ባልሽን አለች! እኔ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ቤንዚንና ውሃ እንደማይስማሙ ከየት አውቄ? አንገቷን አቅፌ ሳምኳት።

ተነሡ። ባሌ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከጌታው ጎን ተቀምጧል፣ እንደ ሙሽራ። የገበያው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ያያል። መኪናዋ ገበያው መሃል ስትደርስ አንዴ ሳለች። ደገመች። ከዚያ ዘለለች፣ ጮኸች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ቀጥ አለች።

«ለፈለፈች!» አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ። ቡዳ የበላው ሰው እንደዚያ እየጮኸ ይለፈልፋላ፣ እስኪናገር ድረስም ይጠየቃል። ሰው ሁሉ ከበባት።

«ማነው የበላሽ? ተናገሪ!»

«የት አገኘሽ? በይ አትደብቂ!»

ሌላዋ ጤና አዳም ቀጥፋ መጥታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። መኪና አፍንጫዋ በየት በኩል እንደሆነ ግን ተከራከሩ። ኧረ እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር! ልጁም መጀመሪያ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ጌታው፣ አጠገብዎ የተቀመጠውን ያውቁታል? የቀጥቃጭ ልጅ እኮ ነው» ሲሉት ነው ሳቁ የቆመው። ዘወር ብሎ ባሌን አየው። ከዚያ ጓንቱን አየ።

ሆዴን ይዤ ሮጥኩ። «ጠበል ነው! እናቴ ናት፣ ጠበል አጠጥታት ነው!»

ባሌ ወዲያው ገባው። ዘሎ ወረደ። «ውሃ ነው ጌታዬ! ቤንዚኑን እንድፋው፣ ትነሣለች። አሁኑኑ ትነሣለች!»

ቢደፋው ትነሣ ነበር። ማን ያስነካው! ሽማግሌው ዘንጋቸውን አነሡ። «ሰማችሁ? ጠበል ሲነካው የሚጮኸው ማን ነው? ቡዳ ያልነካው ነገር ጠበል ይፈራል?»

እንግዲህ ምን ትላላችሁ? እውነቱን ተናግሬ እሱኑ ገመድ አደረጉብን። እናቴ ከገበያው ሰው መሃል እጇን አናቷ ላይ ጭና ቆማለች።

ልጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም» አለ ለባሌ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራህ ጥሩ ነው። ግን ጋራዡ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ አለ፣ ወሬው መድረሱ አይቀርም። አብሮህ ማን ይበላል? ተረዳኝ።» መኪናዋን በካሚዮን አስጭኖ ሄደ። ባሌ ጋቢውን እንደለበሰ መንገዱ ላይ ቀረ።

ከርሞ ያ የካሚዮን ሾፌር ሲያልፍ ወሬዋን ነገረን። አዲስ አበባ ውሃውን ደፉላት፣ ተነሣች፣ በባሌ ብረት ከተማውን ስትዞርበት ከረመች። የጣልያኑ ሲመጣ ግን የባሌን አውጥተው ጣሉት። «ተሰብሮ ነው?» አለ ባሌ። «ኧረ ምንም አልሆነም» አለ ሾፌሩ።

እናቴ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። አፍራ ይሁን፣ ወይስ እሷም የሽማግሌውን ነገር አምና፣ ሳልጠይቃት ሞተች። ልጄን እዚያው ጎጆ ወለድኩ። ገንፎውን ያገነፋው ባሌ ነው፣ እንደ ድንጋይ ጓጉሎ ነበር፣ በላሁት። ልጅቷ አደገች፣ ቆንጆ ወጣች፣ በእኔ ወጥታ! ሽማግሌ ተላከ፣ ፋብሪካዋን ጠየቀ፣ ተመለሰ። ሌላ ተላከ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ የቀጥቃጭ ልጅ አገባች፣ ሌላ ማን ይመጣል?

ያ የተሰበረው የመኪናዋ ብረት ቤታችን ቀርቶ ነበር። ባሌ መጥረቢያ አደረገው። አንድ ጎረቤት ሰምቶ መጣ። «ከዋናው ፋብሪካ ነው አሉ፣ የጣልያን?»

«አዎን፣ የጣልያን» አልኩት። ገዛኝ። እንጨቱ እንደ ቅቤ ይቆረጣል እያለ አገር ለአገር አወራልኝ። ሌላው መጣ። የጣልያኑ ብረት አልቋል፣ እኔ ግን አላለቅኩም! ባሌ ከየትም ለቃቅሞ የሠራውን ሁሉ የጣልያን ነው እያልኩ ሸጥኩት። እስከ እነዋሪ ድረስ ፈላጊ መጣ።

አንድ ቀን ባሌ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ «አንዱን እንኳ የእኔ ነው በያቸው» አለኝ።

«ብላቸው ማን ይገዛኛል?»

ብረቱን ከእሳቱ አወጣና መቀጥቀጡን ቀጠለ። እስኪሞት ድረስ የጣልያን መጥረቢያ ሲሠራ ኖረ።