የአባቴ ገዳም

ባለፈው ሰሞን ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ልጅ ሮቃ በፌስታል ይዛ መጣች። ገዛኋትና አንዷን ፍሬ ቅርፊቷን አንስቼ አፌ ውስጥ ጣል ሳደርግ ኮምጣጣነቷ እስከ ጆሮዬ ሥር ዘለቀ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ የታዩኝ እኚያ ሽማግሌ ጳጳስ ናቸው፤ ከሮቃው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ፊታቸውን አጨማደው፣ "ምንድን ነው ያበላሽኝ አንቺ ልጅ?" እያሉ ሲስቁ።

አባቴ ቄስ ነበር። የምንኖረው ቀወት ውስጥ፣ ከጀውሃ ወረድ ብላ ባለች የቆላ መንደር ነው። እናቴ በወባ ስትሞት ወንድሜ ታምሩ ገና አፉን እየፈታ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ በእኛ አገር ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፤ ወይ ሌላ ሚስት አግብቶ ክህነቱን ይተዋል፣ ወይ ቆብ ደፍቶ ይመነኩሳል። አባዬ ሁለቱንም ሳያደርግ ከረመ። ቅዳሴ ነፍሱ ነው፤ ከመቅደስ የሚያስወጣውን ነገር ማሰብ እንኳ አይፈልግም። እኛን ጥሎ መሄድ ደግሞ አንጀቱ አልቻለም። መንደሩ ግን ምን ሲደረግ ዝም ይላል! ወጣት ቄስ ብቻውን ሲኖር ለሐሜት ይመቻላ።

የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ቁርጡን ተናግራለች። ካገባ እሰየው፣ ልጆቹ እናት ያገኛሉ። ከመነኮሰ ግን ገዳም መግባቱ አይቀርምና እኔን እሷ ወስዳ ታሳድገኛለች፣ ታምሩ አጣዬ ወዳለው አጎታችን ይሄዳል። ይህን የሰማሁት ማሾ ስለቅም ነው። ከፊቴ ያለው ማሾና ጠጠሩ አንድ ሆነብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ታምሩን ከዓይኔ አላጠፋውም፤ ውሃ ስቀዳ እንኳ አስከትዬው እወርዳለሁ።

ጳጳሱ አገረ ስብከታቸውን እየጎበኙ ወደ እኛም መጡ የተባለው በዚህ መሀል ነው። መኪናቸው ጀውሃ ቀርታ ከዚያ ወዲህ የመጡት በጎረቤታችን በጋሼ ሰይድ በቅሎ ነበር። ጋሼ ሰይድ በቅሎዋን አጥቦ፣ ጋማዋን አበጥሮ ሰጥቶ ሲያበቃ "ከእንግዲህ እህል አልጭንም ልትለኝ ነው" እያለ መንደሩን ሲያስቅ ሰነበተ።

እኔ ጳጳስ ማለት መስቀል የሚያሳልም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሥራቸው አያልቅም! ጠዋት በቅዳሴው ዲያቆናት ሾሙ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ከሮቃው ሥር ወንበር ወጣላቸውና የተኳረፉ ካህናት አስታረቁ፣ ገበዝ ሻሩ፣ ገበዝ ሾሙ፣ የወሰን ክርክር ሰሙ፣ ጣሪያው ለምን እንደሚያፈስ ጠየቁ። ደጋ የለመደ ሰውነታቸው በላብ ተጠምቋል። አሳዝነውኝ ይሁን፣ ካባበልኳቸው አባቴን የሚተዉልኝ መስሎኝ ይሁን እንጃ፣ የወደቀ ሮቃ ለቅሜ በእፍኜ ሰጠኋቸው። ያ ሳቅ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ የአባዬ ጉዳይ ተነሣ። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

"አባታችን፣ እኔ ክህነቱን ጠልቼ አይደለም። እነዚህ ልጆች ናቸው የሚያንገበግቡኝ። ወይ ያግባ ወይ ይሂድ፣ ቁርጣችንን ይንገሩን።"

ጳጳሱ ታምሩን በእጃቸው ጠሩት። እኔም እጁን አልለቅ ብዬ አብሬው ሄድኩ።

"ማታ ማታ የት ነው የምትተኛው?" አሉት።

"አባዬ ጋ።"

"እሱ ከሌለስ?"

ታምሩ ግራ ገባው። ወደ አባዬ ዞሮ አየና "አልተኛም" አለ።

ጳጳሱ የሮቃውን ፍሬ በጣታቸው አገላበጡ። ከዚያ አባዬን ቀና ብለው አዩት።

"ስማ ልጄ። ነገ ጠዋት ቆቡን እደፋልሃለሁ። ገዳምህ ግን እዚሁ ነው። እነዚህ ልጆች አድገው ጎጆ እስኪወጡ ከዚህ ገዳም ንቅንቅ እንዳትል።"

አብረዋቸው ከመጡት ካህናት አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ጳጳሱ ዞር ብለው፣ "ስለዚህ ነገር እግዚአብሔር የሚጠይቀው እኔን ነው፣ መልሱንም እኔው እሰጣለሁ" አሉት። አባዬ እግራቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እናቴ ስትቀበር እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

እንዲህ ሆኖ ቤታችን ገዳም ሆነ። አባዬ ከቅዳሴ ሲመለስ ቆቡን እንዳደረገ ጉልበቱ መሀል ያስቀምጠኝና በእናቴ ሚዶ ፀጉሬን ይጎነጉናል። ጉንጉኑ አንዱ ወደ ጀውሃ፣ አንዱ ወደ ካራቆሬ የሚሄድ ነበርና ትምህርት ቤት መሳቂያ ሆኛለሁ። የማሾ ወጡ ወይ ጨው የለውም፣ ወይ ጨው ብቻ ነው። ማታ ዳዊቱን ሲደግም ታምሩ ክንዱ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል፤ አባዬም እንዳይቀሰቅሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያን የለሆሳስ ዳዊት ዛሬም በጣም ይናፍቀኛል።

እኔ አገባሁ። ዓመታት አልፈው ታምሩም አገባ። ሠርጉ ባለፈ በማግስቱ ጠዋት አባዬ ጓዙን በነጠላ ቋጥሮ፣ መቋሚያውን ይዞ መጣና ሁለታችንንም መደቡ ላይ አስቀመጠን። እሱ ቆመ።

"መነኩሴ ገዳሙን ሲለቅ አበምኔቱን ያስፈቅዳል" አለ። "የእኔ አበምኔቶች እናንተ ናችሁ። አሰናብቱኝ።"

ታምሩ ነው እንደ ምንም ብሎ "ሂድ አባዬ" ያለው። ከዚያ ጓዙን ተቀብሎ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘው። አባዬ ቀሪ ዘመኑን ገዳም ኖሮ እዚያው ዐረፈ።

ዛሬ ጳጳስ ሲመጣ አስፋልቱ ዳር በሰልፍ እንቀበላለን፤ መኪናው ብዙ፣ ድምፅ ማጉያው ብዙ ነው፤ ባርከው ቶሎ ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም፣ ሕዝቡም ሥራውም በዝቷል። ግን አንድ ሕፃን ማታ የት እንደሚተኛ ለመጠየቅ ጊዜ የነበራቸውን እኚያን ሽማግሌ አልረሳቸውም።

ያን ቤት አሁን የያዘው ታምሩ ነው፤ ሮቃውም አለ። እኔ ከምኖርበት ከተማ ስደውልለት ከጤና ይስጥልኝ በፊት "ገዳሙ እንዴት ነው?" እለዋለሁ። ትናንት ማታም ደወልኩ። ትንሹ ልጁ ጥርስ እያበቀለ ስለሆነ ሲያስቸግረው ሰንብቷል።

"ገዳሙ ደህና ነው" አለኝ በሹክሹክታ፤ "ቀስ ብለሽ አውሪ እንጂ፣ አበምኔቱ ገና አሁን ክንዴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።"